ሳቅ የተከለከለበት ቤት

ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት፣ እግሯ ጤነኛ፣ ዓይኗ ጤነኛ፣ «ከበሩ ደፍ ማለፍ አልችልም» ስትል ሰው ምን ብሎ ይጠይቃታል? «ምን ሆነሽ ነው?» ቢሏት «ምንም» ትላለች። «ያመመሽ ነገር አለ?» ቢሏት «የለም» ትላለች። እኔ አያቷ ነኝ፤ እናቷ ለሥራ ርቃ ስለምትኖር ያሳደግኳትም እኔ ነኝ። ይህን ጥያቄ በሯ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ እንዳመነዠክሁት እኔና ግድግዳው እናውቃለን። መልስ አላገኘሁለትም።

ሰፈሩ የሚያውቃት «ሳቂታ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ ፀጉር ሠሪ ናት። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር የእሷ ነበር። ሴቶቹ ወረፋ ይዘው የሚጠብቋት ለእጇ ብቻ አልነበረም፣ ለሳቋም ጭምር እንጂ። ከወለደች በኋላ ሕፃኑን ለእኔ ትታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አንድ ቀን ግን ጠዋት ወጥታ ከምሳ በፊት መጣች፤ ቀሚሷ ከወገቧ በታች ርሷል። «ባልዲ ተደፋብኝ» አለችኝ። እኔም አመንኳት።

እውነቱን የነገረችኝ ቆይታ ነው። የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እያጠበች ሳለ ሴትየዋ ስለ አማቷ አንድ ነገር ታወራላታለች። ሳቂታ ከልቧ ትስቃለች። ያን ጊዜ ሽንቷ ያመልጣታል። ጠብታ አይደለም፤ ወለሉ ላይ ነው የወረደው። ልጄ ምን አደረገች? የመታጠቢያውን ባልዲ በእግሯ መትታ ደፋችው። ሰው ሁሉ ባልዲውን አየ፤ ሌላውን ማንም አላየም። ከዚያ ወዲህ ፀጉር ቤቱን አልረገጠችም። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ወንበሩን ለጊዜው ይዛላታለች፤ «ለጊዜው» የሚለው ቃል ግን እያደር እየሳሳ ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ሳቅ ተከለከለ። አዋጅ ያወጀ የለም፤ ለሁላችንም ገባን። ሬዲዮው ላይ ቀልድ ሲጀመር ትዘጋዋለች። ሕፃኑ ሲንከተከት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሊያስነጥሳት ሲል የሚደገፈው ክንድ እንዳጣ ሰው በሩን ጨብጣ ትቆማለች። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ሲመጣ «ሕፃኑ እንዳይረበሽ» እያለች ለብቻዋ ትተኛለች። እሱም «እሺ» ይላል፤ ፊቱ ግን እሺ አይልም።

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ የምላቸው፣ ጎረቤታችን ናቸው፤ አጥራችን አንድ ነው። እሳቸው ሲገቡ ሳቅ ይዘው ነበር የሚገቡት፤ እሳቸውም አፋቸውን ያዙ። በምትኩ መድኃኒት አመጡ። ሆዷን በሰፊ ጨርቅ ጥፍር አድርገው አሰሩላትና፣ «ሆድ ሲታሰር ሁሉም ነገር በቦታው ይቀመጣል» አሉ። «ውሃ ቀንሺ፤ ያልገባ አይወጣም» አሉ። እኔ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የማልተወው አመል አለኝ፤ ወደ ውጭ ልትወጣ ጫማዋን ስታነሳ፣ «ሽንት ቤት ገብተሻል?» እላታለሁ። ጓሮ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እንኳ እላታለሁ። እሷም ተመልሳ ትገባለች።

ሌሊትም ያመልጣት ስለ ጀመር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ለሳቂታ ፍራሽ ላስቲክ ልገዛ ሄድኩ። «ለሕፃን አልጋ ነው» አልኩት ባለሱቁን። የነገርኩትን ልክ ሲሰማ ሜትሩን አቆመ።

«እማማ፣ የሕፃን አልጋ ይኼን ያህል ይሰፋል እንዴ?»

«ሲተኛ ይንፈራገጣል» አልኩ።

ከኋላዬ የቆመች ወጣት ሴት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። ስወጣ ተከትላኝ መጣችና የላስቲኩን ጥቅል ከእጄ ተቀበለችኝ። ጥቂት እንደ ሄድን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ ቤትዎ በቅርብ የወለደች ሴት አለች?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ላስቲኩ።»

መንገድ ላይ ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰው በሚያልፍበት። ልጅቷ አላባበለችኝም፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። በጤና ጣቢያው ፊዚዮቴራፒስት መሆኗን ነገረችኝ፤ ሥራዋ ወልደው እንዲህ የሆኑ ሴቶችን ማከም ነው። «እስኪ ቤት ግቢና ራስሽ ንገሪያት፤ እኔ ስናገር ይምታታብኛል» አልኳት።

ስንገባ እትዬ የበሩን መቃን ተደግፈው ቆመዋል። እሳቸው ሰው ቤት መቀመጥ አይወዱም፤ «ጉልበቴ ሲታጠፍ አይመቸኝም» ይላሉ። ሳቂታ ጓዳ ነበረች፤ የጓዳው በር ገርበብ ብሏል።

«ሥራሽ ምንድን ነው የኔ ልጅ?» አሉ እትዬ።

«ጡንቻ በእንቅስቃሴ አክማለሁ እማማ።»

«ወገብ የምታሹት ናችኋ!»

«ወገብም የሚያሹ አሉ። የእኔ ሥራ ከወገብ ትንሽ ዝቅ ይላል።»

«ዝቅ ሲል የት ላይ ነው የሚያቆመው?»

ልጅቷ ሳትሽኮረመም፣ «የሽንት ፊኛ፣ የሰገራ መውጫና ማሕፀን ያሉበት ነው» አለች። «ከዳሌ አጥንት ሥር እንደ ተወጠረ ሸራ ተዘርግቶ እነዚህን የሚሸከም ጡንቻ አለ። በእርግዝናና በምጥ ይለጠጣል፣ ይጎዳል። ያን ጊዜ ሽንት ያመልጣል፣ ወይም ታች የሆነ ነገር የሚከብድ ይመስላል፣ ወይም ባልና ሚስት ሲገናኙ ያማል።»

እትዬ ነጠላቸውን አጣፉ። «አንቺ ልጅ፣ የወለደች ሴት ሁሉ ታፈስሳለች። እናቶቻችን ይዘውት ኖሩ፣ ይዘውት ተቀበሩ። ገመናን አደባባይ ማውጣት ነው እንዴ ሕክምና?»

«ብዙ ሴት ላይ መድረሱ እውነት ነው። ብዙ ሰው ጥርሱን ያመዋል፤ ስለበዛ ብቻ የጥርስ ሕመም ጤና ነው አንልም። እርስዎስ ሲስሉ ያመልጥዎታል?»

«እኔ አልስልም።»

«ጉንፋን ሲይዝዎትስ?»

«አያስለኝም አልኩሽ! ሊመጣ ሲል እግሬን አቆላልፌ እጠብቀዋለሁ፤ ያልፋል።»

እትዬም የተናገሩትን ራሳቸው ሲሰሙት ወደ ውጭ ዞር አሉ። ልጅቷ ግን አልገፋችባቸውም። «እሺ፣ እማማ» አለችና፣ «አንድ ነገር ልለምንዎ፤ አሁን የማወራውን እስክጨርስ ቀኝ እጅዎን ጠበቅ አድርገው ይጨብጡልኝ» አለቻቸው።

«ለምን?»

«መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ።»

እትዬ በእልህ ጨበጡ። እልህ ከያዛቸው ደግሞ አይለቁም።

ያን ጊዜ የጓዳው በር ተከፈተ። ልጄ ፊቷ አብጦ፣ ያ ጨርቅ በቀሚሷ ላይ እንደ ታሰረ ወጣች። «ይኼን የጡንቻ ስፖርት አውቀዋለሁ» አለች፤ «ስልክ ላይ አይቻለሁ። ሽንት እንደምትይዢ ጨምቂ ነው የሚለው። ጠዋት እጨምቃለሁ፣ ቆሜ እጨምቃለሁ፣ ሳጠባ እጨምቃለሁ። ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። እኔ የማልድን ነኝ።»

«መቼ ነው የምትለቂው?» አለቻት ልጅቷ።

«ምኑን?»

«የጨመቅሽውን።»

ሳቂታም፣ «ከለቀቅኩት ያመልጠኛል ብዬ እፈራለሁ» አለች።

ልጅቷ ወደ እትዬ ዞረች። «እማማ፣ አሁን ይልቀቁና ይኼን ሻይ ያንሱልኝ።» ጠረጴዛው ላይ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ነበር። እትዬ የጨበጡትን እጅ ሲዘረጉ ጣቶቻቸው ቀስ እያሉ፣ እየተንቀጠቀጡ ነው የተፈቱት። ብርጭቆውን አነሱት፤ ሻዩ በእጃቸው ላይ ፈሰሰ።

«ደካማ ሆነው ነው?» አለች ልጅቷ። «አይደለም። እጅዎ ደክሞ ነው። ቀኑን ሙሉ የተጨበጠ እጅ፣ ብርጭቆ የሚያዝበት ሰዓት ሲመጣ አቅም አያገኝም። የእሷም ጡንቻ እንዲህ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ሳልመረምር ግን አልምልም። አንዳንዷን ማጠንከር እናስተምራታለን፤ አንዳንዷን መጀመሪያ መልቀቅ። ለሁሉም ‹ጨምቂ› የሚል ሰው ግማሹን ነው የሚያውቀው።»

አንባቢዬ፣ በዚያች ሰዓት እትዬ እጃቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ አየሁ። ሆኖም ቶሎ የሚሸነፉ ሴት አይደሉም። «ይሁን፣ ሆዷን ማሰሬስ ምን ከፋ?» አሉ።

«ጆንያ ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርገው ቢያስሩት የውስጡ እህል ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ላይና ወደ ታች።»

«ታች ያለው ደግሞ የተጎዳው ሸራ ነው። በርኅራኄ ያሰሩት ነው፤ ግን ቢፈቱላት ይሻላል። ውሃም አይከልክሏት። ውሃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፣ ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ የባሰ ያስቸኩላል። ሆድም ይደርቃል፤ መማጥ ደግሞ ለዚህ ጡንቻ ጠላቱ ነው።» ከዚያ እኔን አየችኝ። «ሳያስፈልግ ‹ለማንኛውም› እየተባለ ሽንት ቤት መግባትም አለ። ፊኛ ገና ሳይሞላ ባዶ መሆን ሲለምድ ጥቂቱንም እንደ ብዙ ይቆጥረዋል።»

ማን ነገረብኝ? ብዬ ወደ ልጄ አየሁ። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

«ለመሆኑ ብመጣ ምን ታደርጊኛለሽ?» አለች ሳቂታ። ድምፅዋ ተስፋ የሌለው ነበር፤ ለወጉ ነው የጠየቀችው።

«መጀመሪያ እናወራለን፤ አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው በወሬ ነው። ከዚያ አቋቋምሽንና አተነፋፈስሽን አያለሁ። ጡንቻውን ከውጭ፣ ከፈቀድሽ ደግሞ በጓንት በአንድ ጣት ከውስጥ መመርመር ይቻላል። ካልፈቀድሽ አይደረግም፤ ከጀመርን በኋላም ‹በቃ› ካልሽ ይቆማል። አያትሽ አጠገብሽ መቀመጥ ይችላሉ። ከዚያ ቤትሽ የምትሠሪውን አስተምርሻለሁ፦ መልቀቅ፣ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ልታስነጥሺ ስትይ ቀድሞ መያዝ።»

«በምን ያህል ጊዜ እድናለሁ?»

«ሳምንታት አይበቁም፤ ወራት ነው። ብዙዎች ይሻላቸዋል። ጭራሽ የሚተዋቸው አሉ፤ እየቀነሰ የሚቀርላቸው አሉ። ለጥቂቶች በቂ አይሆንም፤ እነሱን ወደ ሐኪም እንልካለን። ሽንቱ ያለ ማቋረጥ ቀንና ሌሊት የሚፈስ ከሆነ፣ ወይም ደምና ትኩሳት ካለ ግን ከእኔም በፊት ሐኪም ነው የሚታየው።»

«እኔ ከጥቂቶቹ ብሆንስ?»

ልጅቷ «አልዋሽሽም፤ አላውቅም» አለች።

እዚህ ላይ፣ ምነው ብትዋሻት ብዬ ተመኘሁ። ሳቂታ አንገቷን ነቀነቀች፣ የቀጠሮውን ቀን ሰማች፣ ተመልሳ ጓዳዋ ገባች።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ልብሷን ለበሰች። በሩ ድረስ መጣች። እኔ ከንቱዋ ፍርሃቴ ቀደመኝና፣ «ሽንት ቤት ገብተሻል?» አልኳት። ገባች። ወጣች። ደግሞ ገባች። በመጨረሻ ከዚያው ሳትወጣ፣ «እማዬ፣ አልሄድም» አለችኝ ከውስጥ። «መንገድ ላይ ያመልጠኛል። ባያመልጠኝም፣ ሄጄ ‹አትድኚም› ከሚሉኝ ሳልሰማው ብኖር ይሻለኛል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ልጻፈው። ምግብ ቀነሰች። ሕፃኑን ታጠባለች፣ ለእኔ ትሰጠኛለች። የፀጉር ቤቱ ባለቤት መልእክት ላከች፤ ወንበሩ ላይ ሌላ ልጅ ልታስቀምጥ ነው። ለሳቂታ ስነግራት፣ «ታስቀምጥ» አለች። መቀሷን ከቦርሳዋ አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እኔ በጠዋት አንሶላ አጥባለሁ፣ ላስቲክ እወለውላለሁ፣ ባሏ ሲደውል «ደህና ናት» እላለሁ። ሰው ልጁ ዓይኑ እያየ ስትከስም ምን ያደርጋል? ቀብር የሌለው ለቅሶ ነበር።

እትዬም ለጥቂት ጊዜ ጠፉብን። ተቀይመው ነው ብዬ ተውኳቸው። አንድ ጠዋት መጡና፣ እኔን ሰላም ሳይሉ የጓዳው በር ላይ ቆሙ።

«ሳቂታ፣ ክፈችልኝ አልልሽም። ብቻ ስሚኝ። እኔ ሄጄ ነበር።»

«የት?» አልኩ።

«አንቺን አላወራሁሽም» አሉኝና ወደ በሩ ዞሩ። «እዚያች ልጅ ዘንድ ሄጄ ነበር። ልብሴን ያስወልቁኛል ብዬ አዲስ የውስጥ ልብስ ለብሼ ነው የሄድኩት። ማንም አላየውም! መጀመሪያ ወሬ ነው። ምን ትጠጫለሽ፣ ስንቴ ትነሺያለሽ፣ ሆድሽ ይደርቃል ወይ፣ ስትወልጂ እንዴት ነበር። አንቺ ልጅ፣ እኔን ስለ መውለዴ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሁሉንም ነገርኳት። የሞተብኝንም ጭምር።»

እትዬ ወደ በሩ ጠጋ አሉ።

«ከዚያ የፕላስቲክ ዳሌ አመጣችና ጡንቻው የት የት እንዳለ አሳየችኝ። አጋደመችኝ፤ ልብሴን እንደ ለበስኩ። እጄን ሆዴ ላይ አስደርጋ ተንፍሺ አለችኝ። ትንፋሹ ሲገባ ታች ያለው ይለቃል፣ ሲወጣ ቀስ ብሎ ይነሳል። ይኸው ነው። ‹ከውስጥም መመርመር ይቻላል፤ ዛሬ ይሁን፣ ሌላ ቀን ይሁን፣ ወይም ጨርሶ ይቅር፣ ምርጫው የእርስዎ ነው› አለችኝ። ‹ዛሬ ይቅር› አልኳት። ‹እሺ› አለች።» እትዬ መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ። «እሺ! ዕድሜዬን ሙሉ ስለዚያ ቦታ ‹ይቅር› ስል ‹እሺ› ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።»

«ተሻለዎት?» አለ ከውስጥ የመጣ ቀጭን ድምፅ።

«አልተሻለኝም። ትናንትም አምልጦኛል። ገና ነው። ደግሞ በዚህ ዕድሜም ይቀንሳል አለችኝ እንጂ ይጠፋል አላለችኝም። ነገር ግን ስሚ። የልጄ ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነው። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ነይ ሲለኝ ጉልበቴ እላለሁ፤ ለሠርግ ሲጠራኝ ጉልበቴ፤ ለቅሶ ሲሆን ጉልበቴ። ጉልበቴ ምንም አልሆነ! አውቶቡስ ላይ እንዳያመልጠኝ ነው። ወንበራችሁ ላይ የማልቀመጠውም ለዚያው ነው። ልጄ አሁን መጥራት ትቷል። ይኼን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ‹እናቶቻችን ይዘውት ኖሩ› ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደ ኖሩ ግን አልነገርኩሽም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ ደግሞ በሽታዬን ስደብቅ ራሴን ደበቅኩ።»

እትዬ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ፣ እኛ ስንቀመጥ እሳቸው ቆመው በኖሩበት ቤት፣ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

አንባቢዬ ሆይ፣ በተለይ አያት የሆንሽ፣ የወለደች ልጅ ቤትሽ ካለች ይህን ከእኔ ስሚ። ልጅሽ ሳቅ ስትፈራ፣ ውሃ ስትሸሽ፣ ከባሏ ስትርቅ፣ ጠባይዋ ከፋ አትበይ። ጠይቂያት፤ ስትነግርሽ ደግሞ «የወለደ ሁሉ ነው» ብለሽ አፏን አትዝጊ። ይህ ሕክምና መርፌ የለውም፣ ማሳፈር የለውም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የታከመች ሴት ልጇን አቅፋ ያለ ሥጋት ትነሳለች፣ ሥራዋ ላይ ትቆማለች፣ ትተኛለች፣ ትጓዛለች። ይህን የምጽፈው ልጄ ድናልኝ አይደለም። ትዳን አትዳን አላውቅም፤ እፈራለሁ። ብቻ ዘግቶ መቀመጥ ምን እንደሚያደርግ በሁለት ሴቶች፣ በአንድ አጥር ውስጥ አይቼዋለሁ።

እትዬ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ የጓዳው በር ተከፈተ። ሳቂታ ለብሳለች። ሆዷ ላይ ያ ጨርቅ የለም፤ አልጋው ላይ ተጠቅልሎ ይታየኛል። ለዚያ ቀጠሮ ያዘጋጀችውን የቅያሪ ልብስ ፌስታል አየት አደረገችው፤ ሚስማሩ ላይ እንደ ተሰቀለ ተወችው። የሽንት ቤቱን በር አለፈችው። ጫማዋን አነሳች።

አፌ ተከፈተ። ጥያቄዬ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዕድሜ ልኬን የጠየቅኋት ያችው ጥያቄ። እትዬ ከወንበራቸው እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ያዙኝ። ሕፃኑን ደረቴ ላይ አጥብቄ ዝም አልኩ።

እሷም በሩን ከፍታ ወደ ጤና ጣቢያው ወጣች።